ስለ መንዝ ጓሳ፤ ባልና ሚስት በመሪ አንድ ቀን ስለ ጎበኙት አገር

ካዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር አጠገብ ሲደርስ መንገዱ ሁለት ይሆንበታል። ቀኙ በዋሻው አልፎ ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ግራው ግን ከደጋው ሳይወርድ ወደ መንዝ ይገባል። መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድር፥ ጌራ ምድር እየተባለ በሦስት ሲከፈል የኖረ አገር ነው። በስተሰሜኑ ግሼ ይዋሰነዋል፤ በስተምዕራቡም ከጥልቁ ቆላ ማዶ የመርሐ ቤቴ አምባዎች ይታያሉ።

በጌራ ምድር፥ ከመሐል ሜዳ ከተማ በስተምሥራቅ፥ ደጋው ተቈርጦ ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ መቀመጧን ያወቀ ተማሪ የጓሳን ብርድ ከዚህ ሊገምት ይችላል። ጓሳ የሚለው ስም አስቀድሞ የሣሩ ስም ነው፤ ምድሩም በሣሩ ተጠራ።

ባንድ ጥር ወር አንድ ወዳጄ ከባለቤቱ ጋራ ካዲስ አበባ ወደኔ መጣ። እርሱ በልጅነታችን ባንድ የቅኔ ቤት አብሮኝ የተማረ፥ ኋላም ወደ ከተማ ሄዶ አስተማሪ የሆነ የመንዝ ተወላጅ ነው፤ እርሷ ግን አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። የመጡበትም ምክንያት ጓሳን ለማየት ነበረ። እኔ በጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ነኝና ፈቃድ ጠይቄ አብሬአቸው ሄድሁ። ጓሳን የሚጎበኝ ሰው ካገሩ ሕዝብ መካከል የተመረጠ መሪ ይዞ መሄድ እንደሚገባው በነገርነው ጊዜ ወዳጄ ፊቱን አጨማደደና፥ «እዚሁ የተወለድሁ ሰው ነኝ፤ የገዛ አገሬን ለኔ የሚያሳይ መሪ ምን ያደርግልኛል?» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሀሳቡ ሀሳቤ ነበረ፤ ገንዘቡ በከንቱ የሚወጣ መስሎኝ ነበረ።

መሪው ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ፥ ባና ደርቦ ዱላ የያዘ፥ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነበረ። ባናው ከመንዝ በግ ጠጕር ሴቶች ፈትለው ወንዶች የሠሩት ወፍራም ልብስ ነው፤ በጓሳ ብርድ ከከተማ ካፖርት እንደሚሻል ወዳጄ ሳይቈይ ተረዳው። ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ከማደሪያችን ስንወጣ ሣሩ ሁሉ አመዳይ ወርዶበት ነጭ ሆኖ ነበረ፤ በእግራችን ስንረግጠው እንደ ደረቀ ቆሎ ይንኰሻኰሽ ነበረ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ አመዳዩ ቀለጠ፤ እኛም ልብሳችንን እያወለቅን በትከሻችን ላይ አደረግን። በእንዲህ ያለ ከፍታ ብርቱው ልዩነት ያለው በዓመቱ ወራት መካከል ሳይሆን በቀንና በሌሊት መካከል ነው። በምድር ዋልታ አጠገብ ያሉ አገሮች ክረምታቸውን ባንድነት ወራት ሙሉ ይቀበላሉ፤ የጓሳ ቡቃያ ግን በበጋው ሌሊት ውርጭን፥ በማግሥቱም ትኵሳትን መቻል አለበት።

ስለዚህም መሪው አስቀድሞ ያሳየን ጅብራን ነው። «እንደ ጅብራ ተገትሮ» የሚባለውን ነገር በአፋችን ስንለው ኖረን ጅብራን ራሱን ቀርበን መርምረነው አናውቅም ነበረ። ብዙ ዓመት በዝግታ ያድጋል፤ ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እንቡጡን ከውርጭ ይሸፍናል፤ በመጨረሻም ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ ያወጣል። ያንን አበባ የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይደርቃል። የወዳጄ ባለቤት ይህን ሰምታ ከደረቀው ግንድ አጠገብ ጥቂት ቆመች፤ ግንዱንም በጣቷ ብታንኳኳው ባዶ ሆኖ እንደ ከበሮ ጮኸ።

ከዚያ ወደ አፋፉ ወሰደንና፥ «ተቀመጡ፤ ዝም በሉ» አለን። ብዙ ሳንቈይ ከገደሉ ሥር ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያውም ጭላዳዎች አንድ ባንድ፥ ኋላም በመቶ የሚቈጠሩ ሆነው ወደ ሜዳው ወጡ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚገኝበት ሌላ አገር የለም። ሌሊቱን ጅብና ነብር በማይደርሱበት ገደል ላይ ያድራል፤ ቀኑን በሜዳ ይውላል። ምግቡ ከሞላ ጐደል ሣር ነው፤ ቁጢጥ ብሎ ባለበት እየተንፏቀቀ በሁለት እጁ ጣቶች ሣሩን እየነጨ፥ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ያደርሳል። ወንዱ ከራሱ እስከ ወገቡ የሚወርድ ጋማ አለው፤ በወንዱም በሴቷም ደረት ላይ ጠጕር የሌለበት ቀይ ገላ ይታያል። መንጋው ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ በቤተ ሰብ የተከፋፈለ ነው፤ በያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጥቂት ሴቶች ከልጆቻቸው ጋራ አሉ፤ ባብዛኛውም አንድ ወንድ ይገኝበታል። መሪው እንዳስተዋለው ግን ወንዱ ወዴት እንሂድ ቢል ሴቶቹ ካልተነሡ ተመልሶ ይቀመጣል። ወዳጄ በዚህ ሳቀ፤ ባለቤቱ ግን አልሳቀችም፤ «ታዲያ ምን ያስቃል?» አለችው።

አንዲት ጭላዳ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወደኛ በቀረበች ጊዜ የወዳጄ ባለቤት ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች። መሪው ሳይቈጣ እጁን በእጇ ፊት ዘረጋና፥ «እኅቴ፥ ይመልሱት። ይህች ዛሬ ዳቦ ከቀመሰች ነገ የምትሄደው ወደ ገበሬው ገብስ ነው። ያን ጊዜ ድንጋይ የሚወረውረው ገበሬ እርስዎን አያገኝዎትም፤ እርሷን ነው የሚያገኛት» አላት። ዳቦውም ወደ ቦርሳዋ ተመለሰ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ወደ ሣሩ መካከል ገባን። ጓሳ ጕቶ ጕቶ ሆኖ የሚበቅል ብርቱ ሣር ነው። ያገሩ ሰው ቤቱን ይከድንበታል፤ ክዳኑም ከሌላ ሣር ይልቅ ብዙ ዓመት ይቈያል። ገመድ ይገምድበታል፤ እረኛውም ዝናም የሚያልፍበትን ገሳ ይሠራበታል። መሪው አንዱን ጕቶ በዱላው ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን እርጥበት አስነካን፤ አገሩ ሁሉ በደረቀበት ጥር ወር የጕቶው ሥር ርሶ ነበረ። ጉም የሚያመጣውን ጠልና የክረምቱን ዝናም ሣሩ ይዞ ጥቂት በጥቂት ስለሚለቅ፥ በታች ያሉ ምንጮች በበጋ አይነጥፉም። ከጓሳ ራስ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ይህ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ታላቅ ትምህርት ነው። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ወደ ጀማ፥ ከጀማም ወደ ዐባይ ገብቶ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ በገደሉ የሚወርደው ግን ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ ባፋር በረሃ ወዳለው ወደ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሁለት የዝናም ነጠብጣቦች ባንድ ሸንተረር ላይ ጎን ለጎን ወድቀው እንዲህ ተራርቀው ይለያያሉ። ወዳጄ፥ «ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ በካርታ አስተማርሁ፤ የኔ መንደር መሆኑን ግን ልብ አላልሁም» አለ።

እንግዴህ ተማሪ ሆይ፥ ይህ ሁሉ ሣር ከበግና ከማጭድ እንዴት ተረፈ ብለህ መጠየቅ ይገባሃል። በኢትዮጵያ ደጋ እንዲህ ያለ ምድር አብዛኛው ታርሷል ወይም ተግጧል። ያገሩ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ምድሩን በተካፈሉ ጊዜ፥ ጓሳ ለእርሻ እንደማይሆን አይተው ለግጦሽና ለሣር እንዲሆን ለዩት። የነርሱም ልጆች በአጽመ ርስት ተጠቃሚዎች ሆኑ። ይህ ከ300 ዓመት በላይ የሆነው ሥርዓት ቀሮ ይባላል። ሕዝቡ አባ ቀራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ አለቃውና ሽማግሌዎቹ ሣሩ ለምን ያህል ጊዜ እንዲዘጋ ይወስናሉ፤ ሲዘጋም ሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ድረስ ማንም ማጭድ አያስገባበትም ነበረ። ሲከፈት በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው የሚል ዐዋጅ ሲወጣ አጽመ ርስት ቀረ፤ ከርስቱም ጋራ ቀሮ ፈረሰ። ዐዋጁ መሬት ላልነበረው ለብዙ ሰው መሬት አስገኘ፤ ለጓሳ ግን ጠባቂ አሳጣው። ሣሩን አስቀድሞ ያልደረሰበት ሰው እንዳይቀርበት እየፈራ ያጭድ ጀመር፤ ቁጥቋጦውም ለማገዶ ተቈረጠ። ከዚህ በኋላ ያገሩ ሰዎች ራሳቸው ከየቀበሌው ተወካይ መርጠው፥ የቀድሞውን ሥርዓት ለዘመኑ እንዲስማማ አድርገው መልሰው አቆሙት። አሁን ተጠቃሚው በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ነው። ጎብኚ የሚከፍለውም ገንዘብ ለጥበቃውና ለማኅበሩ ይውላል። ይህን ሁሉ የነገረን መሪው ነው፤ አባቱ ባ'ቀሮ ዘመን ጠባቂ እንደ ነበሩም ጨመረልን።

ቀትር ሲቃረብ የመጣንበትን ነገር አየን። ጭላዳዎቹ ተበትነው በሚግጡበት መካከል አንድ ቀይ ቀበሮ ይመላለስ ነበረ። ገላው ቀይ፥ አንገቱ ሥርና ደረቱ ነጭ፥ አፉ ረዥምና ቀጭን፥ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ቀበሮ ይባል እንጂ የቅርብ ዘመዱ በአውሮፓና በእስያ የሚገኘው ተኵላ እንደ ሆነ ሊቃውንት በደሙ መርምረው ደርሰውበታል። ሆኖም በግ የሚያሳድድ አውሬ አይደለም፤ ኑሮው በአይጥና በፍልፈል ነው። በመንጋ ሆኖ ያገሩን ወሰን ይጠብቃል፤ ለማደን ግን ብቻውን ይወጣል።

ያስደነቀን ነገር ጭላዳዎቹ አለመሸሻቸው ነው። ውሻ ቢመጣባቸው ወደ ገደል ይሮጡ ነበረ፤ ይህ ግን በልጆቻቸው አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ እርሱም ቀስ ብሎ ይራመድ ነበረ እንጂ አልሮጠም። አጥኚዎች እዚሁ ጓሳ ላይ ተቀምጠው ቈጥረው በ2007 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ ቀበሮው በጭላዳ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። ምናልባት ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከጕድጓዳቸው ያስነሡለት ይሆናል፤ ወይም አይጦቹ በመንጋው መካከል እርሱን ለይተው አያዩት ይሆናል። እኛም ሁለት ጊዜ ዘሎ አንድ አይጥ ሲይዝ አየን። የወዳጄ ባለቤት እጇን በአፏ ላይ አድርጋ እስኪሄድ ድረስ አልተነፈሰችም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዓለም ሁሉ ያሉት የቀይ ቀበሮ አዋቂዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ናቸው፤ የሚበዙትም በባሌ ናቸው። ብርቱ ጠላታቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በጓሳ ያሉት ጥቂቶች ስለ ሆኑ አንድ የታመመ ውሻ ቢገባባቸው ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም፤ በዚህም ምክንያት ነው መሪው እረኛ ባየ ቍጥር ውሻው የት እንዳለ የሚጠይቀው።

ወደ ማታ ስንመለስ ወዳጄ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ወደ አንድ ሸለቆ ሲመለከት፥ «ሌላ ቀበሮ! ሣሩ ይነቃነቃል!» ብሎ ጠራን። መሪው መነጽሩን ሳይቀበል በዓይኑ ብቻ ጥቂት አየና፥ «ቀበሮ አይደለም» አለ፤ ፊቱም ተለወጠ። ቀርበን ባየነው ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው፤ በእጁ ማጭድ ይዟል፤ በአጠገቡም የታሰረ የጓሳ ሸክም አለ። ያ ዓመት ሣሩ የተዘጋበት ዓመት ነበረ። ልጁ ለመሮጥ ተነሣና መሪውን ባየ ጊዜ ቆመ። «አጎቴ፥ ክረምቱን ሁሉ ቤታችን አፈሰሰ» አለ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። የመሪው እኅት ልጅ ኖሯል፤ አባቱ የሞተ ነው።

የወዳጄ ባለቤት ቦርሳዋን ከፍታ፥ «ጋሼ፥ ቅጣቱን እኛ እንክፈልለት፤ ልጁ ይሂድ» አለችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ እኅቴ» አለ መሪው። «እርስዎ ዛሬ ከፍለው ነገ ይሄዳሉ። ሌላ ልጅ ማጭድ ይዞ ሲገኝ የሚከፍልለት እንግዳ ከየት አመጣለታለሁ? ደግሞስ የእኅቴ ልጅ ነው ብዬ ይህን ብተወው፥ የጎረቤቴን ልጅ በምን አፌ እይዘዋለሁ?»

«ታዲያ ቤቱ ሲያፈስ ይክረም?»

ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ማጭዱን ከልጁ እጅ ተቀብሎ በወገቡ ሻጠ። እኔ ነገሩን እስከ ዛሬ ሳስበው ከሁለቱ አንዱን ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። ሣሩ የቆየው እንዲህ ያለ መሪ ስላለው ነው፤ ሣሩ የተጠበቀውም ቤት እንዲከደንበት ነው። ልጁ ሸክሙን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ወዳጄ ቀደመውና፥ በከተማ ካፖርቱ ላይ ተሸክሞት እስከ ጠባቂዎቹ ቤት ድረስ ሄደ። መንገዱ ሩቅ ነበረ፤ ማንም አልተናገረም። ከዚያም ሣሩ ተመዘገበ፤ ባልና ሚስቱም የመሪነቱን ዋጋ ከፍለው ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በማግሥቱም ጧት ተነሥተው ሄዱ።

በሚከተለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ተቀመጡ። መሪው ራሱ ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። የተያዘው ሣር ለማኅበሩ እንዲቀር፥ እናቲቱም ቅጣቱን እስከ ፋሲካ እንድትከፍል ተፈረደ። የጣራውን ነገር ግን አንድ ሽማግሌ አነሡት፤ ባለፈው መክፈቻ ካጨዱት ተርፎ የከመሩ ጎረቤቶች ካላቸው እንዲያዋጡ ተለመኑ። ሰባት ሸክም ተገኘ። ለክዳኑ አሥር ያስፈልግ ነበረ። ክረምት ሳይገባ በወንፈል ቤቱን ሲከድኑ እኔም ሄጄ ነበርና፥ የጐደለውን ሦስቱን መሪው ከገዛ በጎቹ ቤት ጣራ ነቅሎ ሲያመጣ አየሁት።